የክንድ ማሰሪያ በሌክስተር ላይ፦ ከሲባጎ ልኬት እስከ ጨው ሜዳ

መኪናዋ አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ባለው የቦንቪል ጨው ሜዳ ለሚደረግ የፍጥነት ሩጫ የምትዘጋጅ ሌክስተር ናት። ገላዋ በፒ-38 ተዋጊ አውሮፕላን የነዳጅ ታንክ ቅርጽ የተሠራ ሲሆን ጎማዎቹ ከገላው ውጭ ናቸው፤ ሞተሩ ከኋላ፣ ነጂው ከፊት፣ ከላዩ ክፍት በሆነ ጉድጓድ ውስጥ ይጋደማል። ቢል በርክ እ.ኤ.አ. በ1946 የመጀመሪያዋን እንዲህ ያለች መኪና ከፒ-51 ታንክ ከሠራ ወዲህ የዚህ ቅርጽ ጣጣ ያው ጥበቱ ነው። የነጂው ክርን ከግድግዳው ጋር ይተሻሻል፣ ከላይ ደግሞ ሰማይ ነው። በበር ላይ የሚዘረጋው መረብ እዚህ አይሠራም፤ እጅን ውስጥ የሚያስቀረው የክንድ ማሰሪያ ብቻ ነው።

የምንጠቀምባቸው ስሞች እነዚህ ናቸው። ክንዱን የሚያቅፈው ክፍል አምባር፣ ከአምባሩ ተነሥቶ ወደ ወገብ የሚወርደው ጥብጣብ ጠፍር፣ በጠፍሩ ጫፍ ያለው ብረት ቀለበት፣ ቀበቶዎቹ የሚገናኙበት ዘለበት፣ ወደ ዘለበቱ የሚገባው የቀበቶ ጫፍ ምላስ።

ቀን 1፦ ከመግዛት በፊት ልኬት

መኪና ሲንከባለል ክንድ ወደ ውጭ የሚወረወረው ነጂው ስለተዘናጋ አይደለም። የሰው አንድ ክንድ ከነእጁ ከሰውነቱ ክብደት 5 በመቶ ገደማ ነው፤ 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 4 ኪሎ ይሆናል። መኪናዋ በሰከንድ 2 ጊዜ ብትንከባለልና የክንዱ ክብደት ከመዞሪያው ማዕከል 60 ሴ.ሜ ቢርቅ፣ ክንዱን ወደ ውጭ የሚስበው ኃይል 39 ኪሎ ያህል ነው። መሬት ሲነካ የሚመጣው ምት እዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። «መሪውን ጥብቅ አድርጌ እይዛለሁ» የሚል ሰው አርባ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጆንያ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ይሞክረው።

የመጀመሪያው ሥራ የአደጋውን ድንበር ማየት ነው። በሮል ኬጁ (መኪና ሲገለበጥ ነጂውን በሚከልለው የብረት ቱቦ ቀፎ) ቱቦዎች መካከል፣ ከላይም ከግራና ቀኝም፣ በየ10 ሴ.ሜው ሲባጎ ወጠርን። ሲባጎው ከቱቦው ውስጠኛ ጠርዝ 5 ሴ.ሜ ወደ ውስጥ ገብቶ ነው የታሰረው። የቦንቪል ሩጫ ደንብ አውጪው ማኅበር ኤስሲቲኤ የሚጠይቀው እጅ ከኬጁ ውጭ እንዳይወጣ ነው፤ እኛ ግን ጣት ሲባጎ ከነካ እንደ ወጣ እንቆጥራለን። አምስቷ ሴንቲሜትር ትርፍ ጥንቃቄ አይደለችም። ጥብጣብ ሲሳብ ይለጠጣል፣ ቀበቶው ራሱ ይለጠጣል፣ ሰውነትም በቀበቶው ውስጥ ይንሸራተታል። ዘለበቱ ከቦታው 3 ሴ.ሜ ከተነሣ ጠፍሩም 3 ሴ.ሜ ረዘመ ማለት ነው።

ነጂው ሙሉ ልብሱን ለብሶ ገባ፦ እሳት የሚቋቋመው ቱታ፣ ጓንት፣ ሄልሜት፣ የአንገት መከላከያው ሃንስ። ቀበቶው ለሩጫ በሚጠብቅበት ልክ ጠበቀ። በቲሸርት ተቀምጦ የተወሰደ ልኬት ዋጋ የለውም፤ የቱታው ውፍረት ብቻውን ክርን ላይ ሁለት ሴንቲሜትር ይበላል።

ከዚያ ከዘለበቱ እምብርት እስከ አምባሩ ቦታ (ከክርን ዝቅ ብሎ በግምባር ክንድ ላይ) በሜትር እየለካን ጻፍን። መሪ ቀጥ ሲል ቀኝ 31፣ ግራ 30 ሴ.ሜ። መሪ እስከ ጫፍ ሲዞር 34። ሞተር ማጥፊያው 33። የሄልሜቱን መስታወት ለማንሣት 35። መኪናዋን የሚያቆመው የፓራሹት ዘንግ፣ በግራ፣ 36። እስከዚህ ደስ ይላል። የእሳት ማጥፊያው መጎተቻ፣ በቀኝ፣ 44።

በሌላ ወገን የማይፈቀደውን ለካን። በሲባጎ ቁራጭ ጊዜያዊ ጠፍር ሠርተን ነጂው ባለ በሌለ ኃይሉ እጁን ወደ ላይና ወደ ጎን እንዲወረውር ተደረገ። 38 ሴ.ሜ ላይ ጣቱ ከቱቦው 6 ሴ.ሜ ወደ ውስጥ ቀረ። 41 ላይ 2 ሴ.ሜ ቀረው። 44 ላይ ከቱቦው 3 ሴ.ሜ ወጣ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው። ብዙ ሰው 44 ያስፈልጋል ብሎ ጠፍሩን 44 ያደርገዋል፤ ነጂው ይመቸዋል፣ ሁሉም ነገር ይደርሰዋል፣ ማሰሪያውም ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ጠፍር አይረዝምም፤ እጀታው ወደ ነጂው ይመጣል። የጠፍሩ ጣሪያ 38 ተብሎ ተያዘ።

ይህን በወረቀት ለማስላት መሞከር ትርፉ ድካም ነው። ጠፍሩ ከዘለበቱ ይነሣል፣ ክንድ ደግሞ ከትከሻ፤ ክርን የሚደርሰው ሁለቱም እስከፈቀዱለት ድረስ ብቻ ነው። ያው ነጂ መቀመጫው በጥቂቱ ቢጋደም ቁጥሩ ሁሉ ይለወጣል። ለዚህ ነው ማሰሪያ መቀመጫው፣ መሪውና ቀበቶው የመጨረሻ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ብቻ የሚገጠመው።

ቀን 2፦ የእሳት ማጥፊያው መጎተቻ

መጎተቻው 11 ሴ.ሜ ወደ ኋላ፣ 4 ሴ.ሜ ወደ ውስጥ መጣ። ማቀፊያው ከ3 ሚ.ሜ ላሜራ ተቆርጦ በሁለት 6 ሚ.ሜ ብሎን ከዳሽቦርዱ ጆሮ ጋር ታሰረ። ኬጁ ላይ አልተበየደም፣ አልተበሳምም። በኬጅ ቱቦ ላይ ቀዳዳ ማውጣት አንዱን ደህንነት ሰጥቶ ሌላውን መግዛት ነው።

ችግር ገጠመ። ገመዱ አጭር ቦታ ውስጥ ሁለቴ ስለታጠፈ መጎተቻው ከበደ። በሚዛን ስንስበው ድሮ 7 ኪሎ ይወስድ የነበረው 13 ሆነ። በጓንት፣ በጭስ፣ በአንድ እጅ 13 ኪሎ አይታሰብም። ገመዱ በመቀመጫው ሥር ተዘዋውሮ አንዱ እጥፋት ጠፋና 8 ኪሎ ላይ ረጋ። አዲሱ ልኬት 36 ሴ.ሜ። ከ38ቱ በታች ነው፣ አለቀ።

ቀን 3፦ ማሰሪያውና ዘለበቱ

የተገዛው ማሰሪያ የኤስኤፍአይ 3.3 (የውድድር ደህንነት ዕቃዎች ደረጃ) መለያ የተሰፋበት ነው። አምባር ሁለት፣ ጠፍር ሁለት፣ በየጠፍሩ ላይ የማጥበቂያ ብረት፣ ቀለበት። ሁለቱ ጠፍሮች በአንድ ቀለበት የሚገናኙበት ዓይነት አለ፣ ለየብቻ ቀለበት ያላቸውም አሉ። የመጣልን ባለ አንዱ ነበር።

ስለ ዘለበት ጥቂት መባል አለበት። በመኪናዋ ላይ የነበረው ቀበቶ ባለ ማንሻ ነበር፤ ማለትም ረዥም ላሜራ ወደ ላይ ሲነሣ ሁሉም ምላሶች ይለቃሉ። ይህ ዓይነት ዘለበት ለብቻው ምንም አይወጣለትም። የክንድ ማሰሪያ ሲጨመርበት ግን ጠፍሩ ልክ በማንሻው ጫፍ ላይ ይመላለሳል። ክንድ ሲወረወር ጠፍሩ ከማንሻው ሥር ገብቶ ወደ ላይ ከሳበው ቀበቶው በሙሉ ይከፈታል፤ ያውም ነጂው ቀበቶውን ከምንጊዜውም በላይ በሚፈልግበት ሰዓት። የድራግ ውድድሩ ድርጅት ኤንኤችአርኤ ባለ ማንሻ ዘለበት ከክንድ ማሰሪያ ጋር ሲደረግ መከላከያ ሽፋን እንዲኖረው የሚያስገድደው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ሽፋን ከመጨመር በሚዞር ክብ ዘለበት ቀየርነው።

በክቡ ዘለበት ላይ ልብ መባል ያለበት አንድ ነገር አለ። ዘለበቱ ከቀበቶዎቹ በአንዱ ላይ በቋሚነት የተያያዘ ነው፤ የእኛው ከግራው የወገብ ቀበቶ ጋር። መክፈቻው ሲዞር ሌሎቹ ምላሶች ሁሉ ይወረወራሉ፣ ያ ግን አይለቅም። የማሰሪያው ቀለበት በዚያ በኩል ከገባ ቀበቶው ተከፍቶም ነጂው በሁለት ክንዱ ከመኪናው ጋር ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ ቀለበቱ በሚለቀው በቀኙ የወገብ ቀበቶ ምላስ ላይ ይገባል። በትከሻ ቀበቶ ምላስ ላይ የሚያስገቡ አሉ፤ እሱም ይለቃል፣ ነገር ግን የወገብ ቀበቶ ዝቅ ብሎ ከአጥንት ጋር ጥብቅ ስለሚል መነሻው ብዙ አይንቀሳቀስም።

ቀን 4፦ ቀለበቱ አልለቅ አለ

ፈተናው እንዲህ ነው። ቀበቶው ይዘጋል፣ ሁለት ሰው በግራና በቀኝ እያንዳንዱን ጠፍር በ10 ኪሎ ወደ ላይና ወደ ውጭ ወጥሮ ይይዛል፣ ነጂው መክፈቻውን ያዞራል። ቀለበቱ ከምላሱ ወጥቶ መውደቅ አለበት። ጠፍሩ ልል ሆኖ የሚደረግ ሙከራ ምንም አይናገርም፤ መኪና ተገልብጦ ሰው ሲንጠለጠል ሁሉም ነገር ውጥር ነው።

ከ10 ሙከራ 3ቱ ከሸፉ። በቅርብ ሲታይ ምክንያቱ ግልጽ ሆነ። ሁለቱ ጠፍሮች አንዱን ቀለበት ወደተለያየ አቅጣጫ ሲስቡት ቀለበቱ ጋደም ይላል፤ ከዚያ አንዱ ማዕዘኑ ምላሱ ከጥብጣቡ ጋር በሚገናኝበት ትከሻ ላይ ይነክሳል። ብረቱ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል አንጸባራቂ ጭረት ትታይ ነበር፣ ሦስቱም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ። በአንዱ ሙከራ ደግሞ ቀለበቱ ከወገብ ቀበቶው ማጥበቂያ ብረት ወደ ኋላ አልፎ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲያ በምንም መልኩ አይመለስም።

የመጀመሪያው ሐሳብ ቀለበቱን በሞላ ማለስለስና ክብ ማድረግ ነበር። ተተወ። መለያ የተሰፋበትን ዕቃ በራስ እጅ መሞረድ፣ መበየድ ወይም መስፋት መርማሪው ጋ ሲደርስ ያስጥላል፣ ያስጥላልም ዘንድ ይገባል። ለየብቻ ቀለበት ያለው ማሰሪያ ታዘዘ። የእያንዳንዱ ቀለበት ውስጠኛ ስፋት ከምላሱ ወርድ 8 ሚ.ሜ ይበልጣል፣ ከቀበቶው ማጥበቂያ ወርድ ግን ያንሳል፤ ስለዚህ ወደ ፊት በነፃ ይወጣል፣ ወደ ኋላ ማለፍ አይችልም። ማሰሪያ ስትገዙ ካሊፐር ይዛችሁ መሄድ ያለባችሁ ለዚህ ልኬት ነው።

በአዲሱ 20 ሙከራ፣ 20ውም ለቀቀ። 5ቱ የተደረጉት መቀመጫው ከመኪናው ወጥቶ ወደ ጎን በተጋደመበት ነው።

ቀን 5፦ ልክ ማስያዝ

አምባሩ ከቱታው እጅጌ በላይ ነው የሚታሰረው፣ ከክርን 4 ጣት ዝቅ ብሎ። ከላላ ወደ አንጓ ይንሸራተታልና የጠፍሩ ልኬት ሁሉ ይፈርሳል። ከጠበቀ እጅ ይደነዝዛል፤ ሰልፍ ላይ ግማሽ ሰዓት ታስሮ መጠበቅ የተለመደ ነው። አንድ ጣት በጭንቅ የሚገባ ከሆነ ልክ ነው። አንጓ አጠገብ ማሰር እጅን ይበልጥ ይቆጣጠራል የሚል ክርክር አለ። እውነትነት ሳይኖረው አይቀርም፤ ነገር ግን መሪ ለመያዝ ጠፍሩ በጣም መርዘም ስላለበት ትርፉ በመሪው ሥር ይተኛል፣ ሲዞርም ይጠመጠማል።

ጠፍሩ በማጥበቂያው ብረት ካለፈ በኋላ ተመልሶ በመጀመሪያው ቀዳዳ መግባት አለበት። ይህን ድርብ መልስ የዘነጋ ሰው ማሰሪያው በእጅ ሲሳብ ጥብቅ ብሎ ያገኘዋል፣ በትክክለኛ ኃይል ሲሳብ ግን ሸርተት ይላል። በ25 ኪሎ ስበን ሞከርነው፦ ድርብ መልስ የሌለው 4 ሴ.ሜ ሸሸ፣ ያለው አልተነቃነቀም። የተረፈው ጫፍ ቢያንስ 8 ሴ.ሜ ይቅር፤ ተጠቅልሎ በጎማ ላስቲክ ይያዝ።

የመጨረሻው ልኬት ግራ 37.5፣ ቀኝ 37.5 ሴ.ሜ። በነጭ ማርከር ጠፍሩ ላይ፣ ልክ በብረቱ ጠርዝ፣ መስመር ተሰመረ። መስመሩ ከብረቱ ርቆ ከታየ ተንሸራቷል፤ ሌላ ምርመራ አያሻም።

የጠፍሩ መንገድ በመሪው በታች፣ ከመሪ ዘንጉ በግራና በቀኝ ነው፤ በመሪው ቀዳዳ ውስጥ በፍጹም አያልፍም። ሌክስተር መሪዋ ብዙ ስለማይዞር ክንዶች አይጠላለፉም፣ ለዚህ ነው ጠፍሩን ይህን ያህል ማሳጠር የተቻለው። ክብ መንገድ ላይ የሚሮጥ መኪና ይህ ዕድል የለውም።

ልል ጠፍር ጉልበት ላይ እንዳይተኛ በላስቲክ ወደ ላይ የሚሰቅሉ አሉ። አልወደድነውም። ላስቲኩ የያዘው ጠፍር በሌላ ነገር ላይ ሲጠመጠም ማንም አያየውም።

ቀን 7፦ መውጣት

ምርመራ ላይ ነጂው ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ሁሉም ነገር ታስሮ፣ ያለ ማንም እርዳታ ሲወጣ ያሳያል። እኛ ደግሞ የሄልሜቱን መስታወት በፕላስተር ሸፍነን ነው የሞከርነው፤ ጭስ ውስጥ ዓይን የለም። ቅደም ተከተሉ፦ ሞተር ማጥፊያ፣ እሳት ማጥፊያ፣ መሪ ማውለቅ፣ ዘለበት፣ ሁለቱንም ክንድ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ማራገፍ፣ መውጣት። ክንድ የማራገፉ ነገር ቀልድ አይደለም። በጓንት ቀለበቱ ይውደቅ አይውደቅ አይታወቅም፤ ማራገፉ ያረጋግጣል፣ የተንጠለጠለም ካለ ይጥለዋል።

የመጀመሪያው ሙከራ 14 ሰከንድ ወሰደ። አምስቱን ሰከንድ የበላው የግራው ጠፍር ነው፤ ከዘለበቱ ከወጣ በኋላ ቀለበቱ የማርሽ ዘንጉን ጉልላት አቅፎ ያዘ። ጉልላቱ ከሥሩ ቀጭን አንገት ስላለው ቀለበት ይገባበታል፣ አይወጣም። አንገት በሌለው፣ ከላይ ወደ ታች እየሰፋ በሚሄድ ጉልላት ተቀየረ። ከዚያ 9፣ 8፣ 8 ሰከንድ። ኮክፒቱ (ነጂው የሚጋደምበት ጉድጓድ) ውስጥ ያለ መንጠቆ፣ ጆሮ፣ የተረፈ ብሎን ጫፍ ሁሉ በዚሁ ዓይን ተፈተሸ። ሁለት የፕላስቲክ ገመድ ማሰሪያ ጫፎች ተቆረጡ።

የፍጥነት ክብረ ወሰን ባለቤቱ አሜሪካዊ ነጂ ክሬግ ብሪድላቭ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1964 ቦንቪል ላይ ፓራሹቶቹ ከድተውት የስልክ ምሰሶ ጥሶ ጨዋማ ኩሬ ውስጥ ገባ፤ መኪናው እየሰመጠ ዋኝቶ ወጣ። በረሃ መሐል ሰምጦ ለመሞት መቃረብ ያልተለመደ ነው፣ ግን ሆኗል። አንድ እጅ በአንድ እንቅስቃሴ ሁሉንም ማላቀቅ አለበት የሚባለው እሳትን ብቻ አስቦ አይደለም።

ነጂው ራሱን ከሳተ የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው። ከኮክፒቱ ጠርዝ ላይ ወደ ዘለበቱ የሚያመለክት ቀይ ቀስት ተለጠፈ፣ የቀበቶ መቁረጫ ቢላዋም ሁለቱም ወገን በሚደርስበት ቦታ ታሰረ። ቡድኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ተጎታች መኪና የሚነዳውም ጭምር፣ ዘለበቱን ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተ።

ከጨው ሜዳው ከተመለስን በኋላ

ሜዳው ከባሕር ወለል ወደ 1,285 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ የነሐሴ ፀሐይ ከላይ ይመታል፣ ነጩ ጨው ደግሞ ከታች ይመልሰዋል። ናይለን ጥብጣብ የሚያረጀው በመጎተት ሳይሆን በዚህ ብርሃን ነው። ማሰሪያው በማይሮጥበት ሰዓት ጨለማ ከረጢት ውስጥ ነበር፤ መቀመጫው ላይ ተንጠልጥሎ አልዋለም።

ጨውስ? ማጥበቂያውን ፈትተን ስናየው በብረቱ ጥርሶች መካከል የስኳር ቅንጣት የምታህል ነጭ ጨው ተሰንቅራ ነበር። እርጥበቱ ሲደርቅ ጨው ስለታም ይሆናል፤ ጠፍሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ክሩን ይሞርዳል። ከዚያም በላይ ቀለበቱ በተሰፋበት እጥፋት ውስጥ፣ ዓይን በማይደርስበት፣ ብረቱን ያዝገዋል። እጥፋቱን በጣት አጠፍ አድርጎ በባትሪ ብርሃን ማየት ግድ ነው።

አጠባቡ ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ፣ ለስለስ ባለ ሳሙና፣ ሦስት ጊዜ በማለቅለቅ ነው። በጥላ ይደርቃል። በረኪና አይነካውም፣ ዘይትም እንዲሁ። የአምባሩ ቬልክሮ በደረቀ የጥርስ ብሩሽ ይጸዳል፤ ጨው የሞላበት ቬልክሮ ሲለጠፍ ድምፁ ደህና ይመስላል፣ ሲሳብ ግን ይለቃል።

የምንጥልበት መስፈርት ረዥም አይደለም፦ የተበጠሰ ስፌት አንድም ቢሆን፣ ጠርዙ የተንጨፈረረ ጥብጣብ፣ ቀለሙ የነጣ ወይም የደረቀ ጥብጣብ፣ የጎበጠ ቀለበት፣ መለያው የማይነበብ፣ አደጋ ያየ። መኪናዋ ከተንከባለለች ምንም ባይታይበትም ይጣላል።

ለሁለተኛው ነጂ ሌላ ማሰሪያ ታዟል። የእሱ ክንድ አጭር ስለሆነ መሪው 33 ላይ ይደርሰዋል፣ ፓራሹቱ ግን 39 ይጠይቃል። የእሱ ጣራ ገና አልተለካም፤ ሲባጎው እንደተወጠረ ነው። ጣራው ከ39 በታች ከወጣ የፓራሹት ዘንጉ ላይ 4 ሴ.ሜ መቀጠያ ይገባል፣ በሁለት ብሎን የሚወጣና የሚገባ። የአንደኛውን ማሰሪያ እያጠበቁ እያላሉ ለሁለት መጠቀም የለም፤ የሁለተኛው ማርከር ሰማያዊ ይሆናል።